ነጭ ሽንኩርት የማይገባበት ቤት

ላስ ቬጋስ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017

ይድረስ ለዩስራ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ሰነበትሽ? ልጆችሽስ? እማ እንዴት ናት? ስለ እኔ አልሐምዱሊላህ ብዬ ልለፈው፤ አንቺም "በርቺ" ብለሽ እለፊኝ።

"በቢሮዬ ኢሜይል ጻፊልኝ" ማለትሽ ልክ ነው። በስልክማ እናትሽ ትከሻሽ ላይ ተደግፋ እያዳመጠች ምን እናወራለን? ባለፈው አርብ ስልኩን ከእጅሽ ነጥቃ "መናገር ካልቻለ እንኳ ይሳልልኝና ሳሉን ልስማ" ስትለኝ፣ ተኝቷል ብዬ ዘጋሁባትና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ከማን እንደምደበቅ አላውቅም። ለምዶብኝ ነው።

"ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ሆኗል፤ ሐኪሙ ድምፁ እስኪመለስ እንዳይናገር ከልክሎታል" የምትለዋን ውሸት ያመጣሁት እኔ ነኝ መሰለኝ። ወንድምሽ በረመዳን፣ ዘ ስትሪፕ በሚሉት ጎዳና፣ መኪና በሚያቆምበት ሆቴል በር፣ የእንግዳ መኪና ቁልፍ እንደጨበጠ ከወደቀ ወዲህ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። ውሸቷ ለሁለት ሳምንት ትበቃናለች ብለን ነበር። ይኸው ወር አለፋት።

ለቅሶው እንዴት ነበር ላልሽኝ፣ ለቅሶ አይመስልም ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ በር ላይ "ኮምቦልቻ እንዳይሰማ፣ ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ" እየተባለ ነው የገባው። ሰው ድምፁን ቀንሶ አለቀሰ። እኔም ባሌን በሹክሹክታ ቀበርኩት።

ይዘው የመጡት ወጥ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ነበረበት። አብዱልሀሚድ ሽታው እንኳ ሲደርሰው ፊቱ አብጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው እንደነበር ላንቺ አልነግርሽም። ስንጋባ ከእማ የተቀበልኩት አደራ አንድ ብቻ ነበር፤ "ነጭ ሽንኩርት በደጃፍሽ አይለፍ።" አላሳለፍኩም። በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል! "የወሎን ሴት ያለ ነጭ ሽንኩርት ወጥ እንድትሠራ የፈረድክባት አንተ ብቻ ነህ" እለዋለሁ። "መበለት መሆን ከፈለግሽ ጨምሪ" ይለኛል እየሳቀ። አብራኝ የሆቴል ክፍል የምታጸዳው ሙሉአለም ምስር ወጥ በድስት ይዛ ስትመጣ፣ "ይሄማ እዚህ ቤት አይገባም" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ድስቱን ተቀበልኳት።

ስለ ጓሮው ጠይቀሽኛል። እኔ ከሞትኩ ሠርዶ አይብቀል አለች አህያ ይባላል። የወንድምሽ ቲማቲም ግን እሱ ከሞተ በኋላ ነው ጉልበት ያገኘው። በየካቲት ዶማ ይዞ ያንን ድንጋይ የመሰለ መሬት ሲፈነቅል፣ እዚህ አሊያንቴ ሰፈር ጎረቤቱ ሁሉ "ሰውዬው ወርቅ አገኘ እንዴ?" ይል ነበር። የውሃው ጎማ እሱ በሞላለት ሰዓት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ራሱን ይከፍታል። ድምፁን ስሰማ በየቀኑ "ተነሥቷል" እላለሁ። እንዴት እንደሚዘጋ አላውቅም። ባውቅም አልዘጋውም።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እማ መርዶውን የምትሰማው መቼ ነው?

ቀመሪያ


ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017

ውድ እህቴ ቀመሪያ፤

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። በመዘግየቴ አፉ በይኝ። ሰበብ አላበዛብሽም፤ የምመልስልሽ ስላልነበረኝ ነው።

ትናንት አጎታችን እንድሪስ ቤት ተሰበሰብን። ሁሉም ባንድ አፍ "ቡርሃን ይምጣ" አሉ። ታናሻችን ከሪያድ ፈቃድ የሚያገኘው ሐምሌ ላይ ነው። ልቧ እንዲህ ደክሞ፣ ሐኪሙ "ድንገተኛ ነገር አታሰሟት" ብሎን እያለ፣ የቀረ ወንድ ልጇ አጠገቧ ሳይኖር መርዶ ብንነግራት ማን ይሸከመዋል? እንደ ወጉ ማለዳ ተሰብስበን፣ ከግራ ከቀኝ ይዘናት ነው መስማት ያለባት። ከሁሉ የምፈራው ብቻዋን እንዳትሰማ ነው። ካንድ አላዋቂ አፍ፣ በገበያ፣ በመንገድ እንዳትሰማ። ላንቺ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። አውቄ ነው የምለምንሽ።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። እማ መጠራጠር ጀምራለች። ምን አለችኝ መሰለሽ? "ጉሮሮው ታመመ እንጂ እጁ አልታመመም። እንደየዓመቱ ከጓሮው ቲማቲም ቀቅሎ ይላክልኝ። እጁን ልቅመስ።" ሰኔ በመጣ ቁጥር የሚልክላትን ጠርሙስ ማለቷ ነው። ያንን ጠርሙስ ለማንም አታቀምስም እኮ፤ በትንሽ ማንኪያ እየቆጠበች እስከ ጥቅምት ታደርሰዋለች። እሷ ያስተማረችው ስጎ ነዋ! መናኸሪያው ጎን ምግብ ቤት ሳለን፣ ሾፌሩ ሁሉ "የሰዓዳ ፓስታ ነጭ ሽንኩርት ይጎድለዋል" እያለ ሲያማት፣ "ልጄ ከሚጎድል ነጭ ሽንኩርት ይጉደል" ትል ነበር። እሱ አሜሪካ ከገባም በኋላ ወደ ድስቷ አልመለሰችውም። "ድንገት ቢመጣስ?" ትለኛለች እስከ ዛሬ።

ቀመሪያዬ፣ አንድ ጠርሙስ ብቻ ቀቅለሽ ላኪልን። እሱ የላከው ይመስላታል። እስከ ሐምሌ ያደርሰናል።

እህትሽ ዩስራ


ላስ ቬጋስ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017

ዩስራ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አልችልም።

በስልክ "ምነው ቀዘቀዝሽ?" ላልሽኝ ምክንያቱ ይኸው ነው። አንድ ጠርሙስ ትያለሽ። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ቲማቲሙን ለቅሜ፣ እሱን መስዬ ቀቅዬ፣ "ከልጅሽ ነው" ብዬ ልላክ? የሞተ ሰው እጅ እንዴት ነው የሚዋሱት? በቃል መዋሸት አልበቃ ብሎን በምግብ እንዋሽ?

የምትጠነቀቁት ለእማ ልብ ነው። የእኔስ ልብ? እሷ አንድ ቀን ትሰማለች፤ ሁላችሁም ትይዟታላችሁ። እኔ ግን አርብ መጥቶ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እንደ አዲስ መርዶ ይነገረኛል፣ የሚይዘኝም የለም። ሥራ ገብቼ የሰው አንሶላ እዘረጋለሁ። እሱ የወደቀበትን በር ላለማየት በኋላ በኩል ዞሬ ነው የምገባው። አብረውት መኪና ያቆሙ የነበሩት ልጆች ሲያዩኝ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ቤት ስመለስ ቲማቲሙ አጥሩ ላይ ቀልቶ ይጠብቀኛል። አንዳንዱን ረግጬው አውቃለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በተክል ቀናሁ።

ደህና ትበያለሽ ወይ ብለሽኛል። እበላለሁ። ወጤን አሁን በነጭ ሽንኩርት ነው የምሠራው። መጀመሪያ የገዛሁ ዕለት ሱቁ ውስጥ እንደ ሌባ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልከለከለኝም። አሁን እጄ ለምዶታል፣ ቀይ ሽንኩርት ባነሣ ሳላስበው እሱንም ያነሣል።

ለእማ አትችልም በያት። ወይም እውነቱን ንገሯት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማለሁ፤ እኛ ግን ንጋቱንም አስረን ይዘነዋል።

ቀመሪያ


ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017

ቀመሪያ እህቴ፤

እንኳን ለአረፋ አደረሰሽ ልልሽ ፈልጌ ብዕሬ አልታዘዝ አለኝ። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ብትሰድቢኝም አልቀየምሽም።

ግን ስሚኝ። ካረፋ ማግስት ጀምሮ እማ መድኃኒቷን ትታለች። "ልጄ የላከው ሳይመጣ ምንም አልውጥም" ብላ ክኒኑን ከምላሷ ሥር እየደበቀች ስትተፋ ደረስኩባት። እግሯ ማበጥ ጀምሯል። ሐኪሙ በዚሁ ከቀጠለች ሐምሌን አታይም ብሎኛል። ቡርሃን መጥቶ እናቱን ይቀብር እንጂ አያረዳትም።

ይህን ስጽፍልሽ እያስፈራራሁሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ምን ላድርግ? ስለ አላህ ብለሽ፣ ስለ እሱም ብለሽ።

ዩስራ


ላስ ቬጋስ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017

ይድረስ ለዩስራ፤

እማ መድኃኒቷን ጀመረች ወይ? "መንገድ ላይ ነው፣ ልጅሽ ልኮልሻል" በያትና ትዋጠው።

ውብሸት የሚባለው የደሴ ልጅ፣ ከእሱ ጋር መኪና ያቆም የነበረው፣ ትናንት ተሳፈረ። ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት። "ምን ልበላቸው?" አለኝ። "ከአብዱልሀሚድ ነው በል።" ዓይኑ እንባ ሞላ። "እሺ፣ ሬስት እያደረገ ነው፣ ሲሻለው ይደውላል እላቸዋለሁ" ብሎኝ ሄደ። እሱንም ውሸታም አደረግነው።

እንዴት አድርገሽ ልትቀቅይው ነው ላልሽኝ፣ አንድ በአንድ ልንገርሽ። የእረፍት ቀኔ ነበር። ሙሉአለም ከሰፈሯ ከዊንቸስተር መጥታ አገዘችኝ። ፀሐዩ ሳይከፋ ሁለት ባልዲ ለቀምን። እያንዳንዱን ከግርጌው በቢላ ጫር አድርጌ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ ከዚያ በረዶ ውሃ ውስጥ ገለበጥኩት። ቆዳው እንደ ካልሲ ወለቀ። እስከ ዛሬ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ እንጂ አንድ ቀን ማማሰያ አስነክቶኝ አያውቅም። "አንቺ የሰው አልጋ ስታነጥፊ ውለሻል፤ ቁጭ ብለሽ እዘዢ" ይለኛል። አዛዥ ነበርኩ። "ጨው አነሰው፣ እሳቱ በዛ" እላለሁ፤ እሱ ደግሞ የሰማኝም አይመስል።

ማማሰያውን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሙሉአለም አየችና ወሬ ጀመረችልኝ። "ያቺ ሱፐርቫይዘራችን ኦቨርታይም ስትጠየቅ ፊቷን ሎሚ እንደላሰ ሰው ነው የምታደርገው! ትናንት 'ሲክ ኮል ላደርግ ነው' ብላት 'ምንሽን ነው ያመመሽ?' አለችኝ። 'አንቺን' ልላት ምንም አልቀረኝም!" ሳቅኩ፣ ዩስራ። እሱ ከሞተ ወዲህ ሳቅኩ። እየሳቅኩ ቀይ ሽንኩርቱን ከተፍኩ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ወቀጥኩ፣ በሶብላውን በጠስኩ። እንደ እማ ወግ ጠብታ ውሃ ሳላስነካ በራሱ ውሃ በቀስታ አንተከተክሁት። ሎሚ ጨመቅኩበት። ትኩሱን ጠርሙስ ውስጥ ሞልቼ ከደንኩና የፈላ ውሃ ውስጥ አቆምኩት። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ቀጭ አለ። ይህን ድምፅ ሲሰማ "አልሐምዱሊላህ፣ ታሸገ" ነበር የሚለው። እኔም እንደሱ አልኩ።

ቀለሙ ቁርጥ የእሱ ነው። ማንም አይለየውም።

ቀመሪያ


ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017

ቀመሪያ፤

ሰላምታውን ተይው። ሰሞኑን ኔትወርክ ጠፍቶ ደብዳቤሽን ገና አሁን አነበብኩት። "ነጭ ሽንኩርቱን ወቀጥኩ" ይላል። ደግሜ አነበብኩት፣ እንደዚያው ይላል። ብደውል አታነሺም። ውብሸት ዛሬ ጠዋት ጠርሙሱን ለእማ በእጇ አስረክቦ እንደሄደ ነግሮኛል። የምታግዛት ልጅ ወፍጮ ቤት ናት። እማ ብቻዋን ናት። እየሮጥኩ ልሄድ ነው።

ይህን የምቀጥለው ከቤት ተመልሼ ነው። አይዞሽ። ስደርስ ጠርሙሱ ታጥቦ ተደፍቷል። እማ መደቧ ላይ ተቀምጣ ፍርፋሪ ከቀሚሷ ትለቅማለች።

"ቀመስሽው?" አልኳት።

"ጨረስኩት እንጂ።"

"ሁሉንም? እንዴት ነው ታዲያ?"

"እጁ ይባረክ" አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። እስከ ጥቅምት የምታቆየውን ባንድ ቁጭታ መጨረሷ ናፍቆቷን ነገረኝ። ከዚያ መድኃኒቷን ራሷ አምጪ ብላ ዋጠች። ምላሷ ደክሟል ማለት ነው፤ እርጅናም አንዳንዴ ደግ ይሠራል። አልተቆጣሁሽም። እዚህ ላይ ላብቃ።

ዩስራ


ላስ ቬጋስ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017

ዩስራ፤

ደህና ነኝ። ስልክ አለማንሣቴ ተቀይሜ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

አላወቀችም ያልሽውን መላልሼ አነበብኩት። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። እናቱ የሰጠችኝ አንድ አደራ ነበረች፤ ያቺኑ በልቼ ለእሷው ላክሁላት። ነጭ ሽንኩርቱን ስወቅጥ አንድም ነገር ትዝ አላለኝም። እጄ መሞቱን አምኖ ተቀምጧል ማለት ነው። እኔ ነኝ ያላመንኩት።

ጓሮው አልቋል። ሙቀቱ መቶ አሥራ ሦስት ፋራናይት ገባ፤ አበባው ሳያፈራ ይረግፋል፣ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ደርቋል። ቤቱን ልለቅ ነው። ዊንቸስተር ሙሉአለም ካለችበት ሕንፃ አንድ ክፍል አግኝቻለሁ፣ ፎቅ ላይ ነው፣ አፈር የለውም። አከራዩ ተክሉን አንሺ ብሎኝ ነቀልኩት። ሥሩ እንዴት እንደጠለቀ! የውሃውንም ሰዓት ሙሉአለም አየችና አንዲት ቁልፍ ተጭና ዘጋችው። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ወንድምሽ ለእኔ የሞተው ያን ለት ነው።

ቡርሃን ቲኬት ቆርጧል ያልሽኝን ሰማሁ። ኢንሻአላህ ሐምሌ ይምጣና ይለቅልን። ያኔ ጮክ ብዬ አለቅሳለሁ እያልኩ ነበር የሰነበትኩት። አሁን ድምፅ ይኖረኝ እንደሆነ እንጃ።

ቀመሪያ


ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017

ይድረስ ለእህቴ ለቀመሪያ፤

በስልክ "ሰምታለች፣ ደህና ናት" ብዬ መዝጋቴ ቅር እንዳሰኘሽ አውቃለሁ። ቤቱ ለቅሶኛ ሞልቶት ነበር። ደግሞም እንዴት እንደሆነ በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም።

ማክሰኞ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ አጎት እንድሪስ፣ ቡርሃን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፉ ላይ ተሰበሰብን። ማን እንደሚናገር፣ ማን በግራ ማን በቀኝ እንደሚይዛት ተመካክረናል። ውሃም አዘጋጅተናል። በሩን ስንከፍት ቤቱ ተጠርጓል። ምንጣፉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፏል። እማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መሐል ተቀምጣለች። አጎት እንድሪስ ገና አፉን ሳይከፍት "ግቡ፤ ቆያችሁ" አለችን።

ጠርሙሱ የመጣ ቀን ነው ያወቀችው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እኔ ቢሮ ስሄድ ብቻዋን ታለቅሳለች፣ ስመለስ ፊቷን ታጥባ ትቆየኛለች። እኔ ደግሞ "ዛሬ ፊትሽ ጠራ" እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። "ለምን ዝም አልሽ?" አልናት። "ቡርሃንን እየጠበቃችሁ እንደሆነ ገባኝ። ይህን ያህል ለፍታችሁ እንዴት ላሳፍራችሁ?" አለች።

ብቻዋን እንዳትሰማ ብለን ስንት ወር ዋሸን፣ አንቺን አቃጠልንሽ። እሷ ግን ደረቅ ዳቦ በእጇ ይዛ ብቻዋን ሰማች። እሷን የምይዝበት እጅ አላጣሁም ነበር፤ ቢሮ ሆኜ ነው እንጂ። ይህን ለራሴ ይቅር የምለው አይመስለኝም።

ላንቺ ጻፊልኝ ያለችኝን እንዳለችው አስፍሬዋለሁ።

ዩስራ


ልጄ ቀመሪያ፤

አላህ ያጽናሽ። ይህን የምልሽ ዘግይቼ ነው፤ አልነገሩኝማ።

መጀመሪያ ስቀምሰው ንዴት ነው የመጣብኝ። አደራዬን በላች፣ ልጄን ልትገድለው ነው አልኩ። ስልክ አንሥቼ ልጮህብሽ ነበር። ከዚያ ደግሜ ቀመስኩ። ኧረ ቀመሪያ እንዲህ አታደርግም አልኩ። እሱ ቤት ካለ ይህ ነገር ደጃፏን አያልፍም አልኩ። ታዲያ እሱ የለም ማለት ነው አልኩ። ማንም ሳያረዳኝ ራሴን አረዳሁ።

ጠርሙሱን ጨረስኩት። እሱ የተከለው ነው፣ እንዴት ይደፋል?

አልተቀየምኩሽም። ጮክ ብለሽ እንኳ እንዳላለቀስሽ ዩስራ ነገረችኝ። በእኔ የተነሣ ነው፤ አፉ በይኝ። አሁን ጩሂ፣ ሰው ይስማሽ። እኔም እዚህ እየጮህኩ ነው። ልቧ ይፈነዳል ያሉት ልብ አልፈነዳም። ቢፈነዳ ደግ ነበር።

ስጎሽ ጣፍጧል። ያ ሾፌር ሁሉ ለካ እውነቱን ነበር፤ ይጎድለው ነበር። ከእንግዲህ ስትሠሪ ነጭ ሽንኩርት ጨምሪበት ልጄ። የሚከለክልሽ የለም።

እናትሽ ሰዓዳ